የኦቦ ወተት ሻጮችና የእኔ ፎርም

ባለፈው ዓርብ የመኪና መሸጫውን ያርድ ቁልፍ ለሐጂ መለስኩ። የሠራሁት አሥራ አራት ወር ነው። አሥራ አራት ወር ሠርቶ የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፍ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እናቴም ስትሰማ «ጡረታሽንስ ከየት ነው የምትቀበይው?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ሰኞ ድንበሩ ላይ ዕቃ የሚያስለቅቅ ቢሮ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ፤ እዚያ ከገባሁ ይኼንን ነገር ቁጭ ብዬ የምጽፍበት ጊዜ አይኖረኝም። ደግሞ ድንጋጤው ገና አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ ማሳመር እጀምራለሁ፣ ስለዚህ ሳላሳምረው ልጻፈው።

ያርዱ ከሞያሌ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዙሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ቀይ አፈር። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ ነው የምንለው። በጃፓን ያገለገሉ ትንንሽ መኪናዎች ሞምባሳ ይወርዱና አስፋልቱን ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ፣ እኛ ትንሿ የምንላት፣ እንደ ሳጥን ቀጥ ያለች፣ አራት ሰው የምትይዝ፣ ከኋላ ትንሽ የዕቃ ቦታ ያላት መኪና ናት። ሁለተኛዋ ሚኒ ትራክ ናት፤ ከፊት ሁለት መቀመጫ፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ። ሰው ይመጣና በሁለቱ መሀል ይቆማል። ያቺን ያያል፣ ይቺን ያያል፣ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ ለወንድሙ ይደውላል። የእኔ ሥራ ያንን ሰው ከመሀል ማንሳት ነበር።

ናይሮቢ ተምሬ በሎጂስቲክስ ዲፕሎማ ይዤ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ሁለት ወር ቢሮ አስቀመጡኝ። ስለሱ የምለው የለኝም፤ ሎግቡክ፣ የመኪና ባለቤትነት ደብተር፣ ማዛወር ነው፣ ፎቶ ኮፒ ነው፣ አለቀ። ስለ ደሞዙም ባናወራ ይሻላል። ከዚያ አንድ ቀን ሐጂ «አንቺ ልጅ ቢሮ ውስጥ ደንበኛ ትቆጫለሽ፣ ውጪ ሂጂና ጋሽ ወርቁ ጋ ተማሪ» ብሎ ገፋኝ።

ጋሽ ወርቁ ድሮ ከኢትዮጵያ ጭነት ይዞ የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሞያሌ ቦረና አግብቶ በዚያው ቀረ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ስዋሂሊም ይናገራል። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ዲፕሎማ!» ነው የሚለኝ፣ ያርዱ ሙሉ ሰው እያለ።

ይኼ ሰውዬ መኪና ሲመረምር ሳየው ደርቄ ነው የቀረሁት። አዲስ መኪና ሲገባ፣ ያመጣውን ሹፌር ሰላም ከማለቱ በፊት መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። ሞቃት ከሆነ አያናግርም፣ ጥላ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። እስኪበርድ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። «የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው» ይላል። ሲበርድ አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ከጎኑ የተነፈሰ ወዮለት። ጃፓንኛ አያነብም፣ ግን የሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ጃፓኖቹ ዘይት ሲቀይሩ የሚለጥፏትን ትንሽ ወረቀት ይፈልጋል። ቁጥር ቁጥር ነው። ወረቀቷ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ዳሽቦርዱ ላይ ካለው በልጦ ሲያገኘው፣ ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሷል ማለት ነው፣ በጥርሱ ያፏጫል። ከዚያ መሬት ላይ ይተኛና በመፍቻ እጀታ ሻንሲውን ቀስ እያለ ይመታል። እዚያ አገር በረዶ ሲወርድ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ደህናው ብረት «ቲንግ» ይላል፣ የተበላው «ዱፍ»። አሁን እኔም እለየዋለሁ።

የሚኒ ትራኳ ሞተር መቀመጫው ሥር ነው፣ ራዲያተሯ ከፊት ነው፤ ውሃው በረጅም ቱቦ በሆዷ በኩል ይሄዳል። ውሃ ሞልተሽ አየሩን ካላስወጣሽ ሙሉ መስላ ትቃጠላለች። ይኼንን ያስተማረኝ መቀመጫውን አንስቶ እጄን ቱቦው ላይ አስይዞ ነው። «እዚህ ጋ ሞቀ? እዚህስ? እዚህ ቀዝቃዛ ከሆነ አየር ይዟል፣ አትልቀቂያት።»

ይኼ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር። ያበሳጨኝ ሌላው ልማዱ ነው። ጋሽ ወርቁ ለገዢ «የትኛዋን ፈለግህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ነገ ጭነትህንም ሰውህንም ይዘህ ና» ነው የሚለው። ሰው ደግሞ ይመጣል! ሲሚንቶ፣ ሣር፣ አማት፣ ሦስት ፍየል፣ የታመመ አጎት። ሁሉንም መጀመሪያ በትንሿ፣ ቀጥሎ በትራኳ ያስጭናቸዋል። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ መኪናዋ ምን ያህል እንደወረደች ከሆዷ እስከ መሬት በስንዝሩ ይለካል። አንዴ አንዲት ሴትዮ ከአምስት ልጆቿና ከአንድ የወፍጮ ሞተር ጋር መጥታ ሥራው ግማሽ ቀን ቆመብን።

«ጋሽዬ፣ ይኼ'ኮ ያርድ ነው፣ መናኸሪያ አይደለም» አልኩት።

«ዲፕሎማ፣ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ሳያዩ ነው እንዴ የሚድሩት እናንተ አገር?»

«እኛ አገር ማለት የት ነው? እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሃራካሽ ነው የሌላ አገር የሚያስመስልሽ።» ሃራካ ስዋሂሊ ነው፣ ጥድፊያ ማለት።

ከዚያ ጋሽ ወርቁ የዓይኑን ሞራ ለማስገፈፍ ማርሳቢት ሄደ። ሦስት ሳምንት ሊቆይ ነው። እኔ በዚያው ሳምንት ፎርም ሠራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሲሄድ ደስ ብሎኛል። አሥር ጥያቄ ያለው፣ ባለሰንጠረዥ፣ የሚያምር ፎርም። ምን ይጭናሉ? ስንት ኪሎ? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ጥርጊያ? ወንዝ ይሻገራል? በሳምንት ስንት ቀን? ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ተደምሮ ወይ ትንሿ መኪና፣ ወይ ትራክ ይላል። አሥር ደቂቃ ብቻ! ሐጂ አይቶት «ዋ! እስካሁን የት ነበርሽ?» አለኝ። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ምንም አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ነው የኦቦ ወተት ሻጮች የመጡት።

ኦቦ ከሞያሌ ወጣ ያለ ከብት አርቢዎች ያሉበት ገጠር ነው፣ መንገዱ የተረገመ ነው። ሴቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ቻማ አላቸው። ቻማ የምንለው ሴቶች ተሰባስበው እየቆጠቡ አንድ ነገር የሚሠሩበት ማኅበር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወተታቸውን በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነበር የሚያመጡት፤ ሙቀቱ ከበረታ ገበያ ሳይደርስ ይቆመጥጣል። ሊቀመንበሯ ማማ ቱሜ ናት፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ስትናገር ድምጿን የማታነሳ ሴት። ከእሷ ጋር ሦስት ሴቶች መጥተዋል፤ አንዷ ምራቷ ዳርሚ ናት፣ የእኔ እኩያ።

ዳርሚ ገና እንደገባች የትንሿን መኪና የኋላ በር ስባ ከፍታ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ ትንሽ ዘለለች፣ ሳቀች፣ «አዬ! ይቺማ ቤት ናት» አለች።

እኔ ፎርሜን ይዤ «ውረጂ፣ ውረጂ፣ ወተት በሷ አይጫንም» አልኳት።

ወረደች። አሁንም ፈገግ እያለች ነው የወረደችው።

«ማማ፣ ምንድን ነው የምትጭኑት?»

«ወተት።»

«ስንት?»

«አሥራ ሁለት ጄሪካን። አምስት አምስት ሊትር።»

«ወደፊት ይጨምራል?»

«አላህ ካለ።»

«መንገዱ?»

ተያይተው ሳቁ። «መንገድ አለ እንዴ?»

«ሉጋ ትሻገራላችሁ?» ሉጋ የምንለው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚሞላ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ነው።

«አንድ አለ። ዳሩ ገደል ነው።»

ደመርኩ። ትራክ። ጥርጥር የለውም፣ ትራክ! ማማ ቱሜ ትንሿን መኪና አንድ ጊዜ ዞራ አየቻትና «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። እኔም አመንኳት። በዚያው ሳምንት በዚያው ፎርም ለአንድ የሄሉ አስተማሪ ትንሿን መኪና ሰጠሁት። አስተማሪ ነው፣ አስፋልት ዳር ነው የሚኖረው፣ የሚጭነው ደብተር ነው። ትንሿ። በሁለቱም ኮራሁ።

ጋሽ ወርቁ ተመልሶ ፎርሙን ሳሳየው «ዓይኔ ገና ነው፣ በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ሁለት ወር ገደማ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት ያቺ ትራክ ያርዱ በር ላይ ቆመች። የቻማው ሹፌር ሎኮ ናት የምትነዳው። ከኋላ መጫኛው ላይ ፍራሽ ተጠፍሯል፤ ፍራሹ ላይ ማማ ቱሜ ተቀምጣለች። ከፊት ዳርሚ ናት። በሩን ከፈትኩላት። እግሯ ከጭኗ ጀምሮ በጀሶ ታሽጎ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ወጥቶ ተጋድሟል።

ክው አልኩ።  «ምን ሆንሽ?» ማለት አቅቶኝ «ምን ሆነች?» አልኩ፣ እሷው ፊት።

«ወደቅኩ» አለች ዳርሚ።

«ከየት?»

በአውራ ጣቷ ወደኋላ ጠቆመች። ወደ መጫኛው።

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይነዳል። ጮኽኩባቸው። «ከኋላ ምን ትሠሪ ነበር? ከኋላ ሰው አይሳፈርም! የተከለከለ ነው! ነግሬያችኋለሁ፣ ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያላት ብያለሁ!»

ማማ ቱሜ ከፍራሹ ላይ ቀስ ብላ ወረደች። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ወተቱ ብቻውን ነው እንዴ ገበያ የሚሄደው?» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ፤ ማለቴ ሌሎቹ ሁሉ ሲያውቁት የነበረው ነገር። በየቀኑ ሦስት ሴት በተራ ትመጣለች፤ እያንዳንዷ የራሷንና የጎረቤቶቿን ወተት ይዛ። ሦስቱም በየሰፈሩ የየራሳቸው ደንበኛ አላቸው። ደንበኛው ዕቃውንና ሴትዮዋን አይቶ ነው የሚገዛው፤ ወተት ለሹፌር አደራ አይሰጥም። ስለዚህ አንዷ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ጄሪካኑ ላይ። ትራኳ ከሉጋው ስትወጣ፣ ያ ገደሉ ላይ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ስታደርግ፣ ዳርሚ ከነጄሪካኗ ወደኋላ ሄደች። ጭኗ ተሰበረ፤ ትራኳን በወሰዱ በሳምንቱ ነው። ጄሪካኑን አልለቀቀችም አሉ።

ማማ ቱሜ ልትከሰኝ አልነበረም የመጣችው። «መጫኛው ላይ ወንበር ይበየድልናል ወይ?» ልትል ነው። ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ ነገሩ ተበላሽቷል። የዳርሚ ባል ትራኳ ትሸጥ ብሏል። ሽማግሌዎቹም «ሴት ወተቷን ታልብ እንጂ ከመኪና ጋር ምን አላት» ማለት ጀምረዋል። እስከሚቀጥለው ጁምዓ ካልተስተካከለ ቻማው ይፈርሳል። ከሞተር ጀርባ አምልጠው አንድ ሁለት ወር ገበያ የዋሉ አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ተመልሰው እቤታቸው።

ጋሽ ወርቁ እስካሁን ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ተነሳ። ለማማ ቱሜ በኦሮምኛ፣ በአክብሮት፣ ብየዳው እንደማይሆን ነገራት፤ መኪናዋ ራሷ ቀላል ናት፣ ከኋላ ሰው ከፍ አድርገሽ ካስቀመጥሽ ገደሉ ላይ ትገለበጣለች። ከዚያ ከኪሱ ፎርሜን አወጣ። በዚያ ሳምንት ሁለተኛውን ዓይኑን ተሠርቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። በሌላው ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ አገላብጦ ጀርባውንም አየው።

«ዲፕሎማ።»

«አቤት።»

«ሰው የት ጋ ነው ያለው እዚህ ላይ?»

አሥር ጥያቄ። አንድም ሰው የለም። «ማን ይሳፈራል?» የሚል የለም። ያቺ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መልሱን እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ውረጂ ያልኳት።

ያርዱ መሀል አለቀስኩ። ዳርሚ ከመኪናው ውስጥ «ፖሌ፣ አይዞሽ» አለችኝ። እግሯን የተሰበረችው እሷ፣ የምታጽናናው እሷ! እንዴት እንደዚህ ይሆናል?

ጋሽ ወርቁ ለቅሶ አይወድም። «አፍንጫሽን ጥረጊና ሄሉ ሂጂ። አስተማሪው ጋ። ያቺ መኪና በየሳምንቱ ሱስታዋን ላሠራ ብላ ትመጣለች፣ ደብተር የምትጭን መኪና ሱስታ አትሰብርም።»

ሄድኩ። ምዋሊሙ፣ አስተማሪውን እንደዚያ ነው የምንለው፣ ግቢው ውስጥ ነበር። የሸጥኩለት ቆንጆ መኪና ቂጧ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ የኋላ ወንበሯ ታጥፎ፣ ውስጧ ሣር፣ ሣሩ ላይ ሁለት ሙክት። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ፣ ማለትም ፍየሎቹ።

«ምዋሊሙ! ምንድን ነው ይኼ?»

«ፍየል» አለኝ። «አደልባለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሸጣለሁ።»

«ፍየል እንዳለዎት መቼ ነገሩኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? አስተማሪ ነኝ ስልሽ ፎርምሽን ዘጋሽ'ኮ! ከትምህርት ቤት ደሞዝ ጋር ፍየል የማያረባ አስተማሪ ሞያሌ ውስጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ለአሥራ አራት ወር ሥራዬ ማጠቃለያ ይኼ ይበቃል። ሁለቱንም በሙያቸው ስም ነው የሸጥኩላቸው። ወተት ነሽ፣ ትራክ ውሰጂ። አስተማሪ ነህ፣ ወንበር ውሰድ።

መኪኖቹ ይቀያየሩ ሲባል ምዋሊሙ በደስታ ፍየሎቹን በራሱ እጅ አወረደ። ሐጂ ወረቀቱን ለመጨረስ ትንሽ አጉረመረመ፣ ፈረመ። የቀረው አንድ ነገር ነው፣ መንገዱ። ሎኮ ትንሿን መኪና እየነዳች፣ ጋሽ ወርቁ በያርዱ ፒካፕ ይዞኝ ኦቦ ሄደ። ወራት ሙሉ በፎርሜ የመንገድ ነጥብ ስሰጥ ከርሜ ያን ሉጋ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ወርቁ አሸዋው ላይ በሆዱ ተኝቶ የገደሉን ዳር በስንዝሩ ለካ። ተነስቶ የትንሿን መኪና ሆድ ለካ። ራሱን ነቀነቀ።

«አታልፍም። ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች።»

አሁን የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል፣ ግን ሳላሳምር ብያለሁ። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ! «አየህ፣ ፎርሜ ልክ ነበር፣ በዚህ መንገድ ትራክ ነው የሚያልፈው» ልል አፌን ከፈትኩ።

ማማ ቱሜ ቀደመችኝ። የገደሉን ዳር በዱላዋ ነካ ነካ አደረገች። «እንዳታልፍ ያደረጋት ይኼ ነው?»

«አዎ» አለ ጋሽ ወርቁ።

«ይኼማ ድንጋይና አፈር ነው» አለች። እኔ የማይነካ ነገር መስሎኝ ነበር። «መኪናዋን ትታችሁልን ሂዱ፤ ሐሙስ ተመለሱ።»

«ማማ» አልኩ፣ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «ቢሠራ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ጠራርጎ ይወስደዋል'ኮ!»

ዞር ብላ አየችኝ። «ላም አንዴ ከታለበች ነገ አትታለብም እንዴ ልጄ?»

ሐሙስ ስንደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አሥራ ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ እህቶቻቸው፣ ልጆቻቸው፣ ኦዳ ከሚባለው ጎረቤት ገጠር የመጡ ዘመዶቻቸው ሳይቀሩ ሉጋው ውስጥ ናቸው። ዶማ፣ ባልዲ፣ በእጅ የሚቀባበሉት ድንጋይ። የገደሉ ዳር ተንዶ፣ ተደልድሎ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበት እንደ መሰላል ሳይሆን እንደ ምላስ ወርዷል። እኔ ለመንገዱ የሚሆን መኪና ስፈልግ ነበር። እነሱ ለመኪናው መንገዱን ሠሩት። ናይሮቢ ሁለት ዓመት ስማር ማንም እንደዚህ ይቻላል አላለኝም። ሽማግሌዎቹ ከወዲያ ማዶ ግራር ሥር ቆመው ያያሉ፤ የዳርሚ ባል መጀመሪያ እጁን አጣምሮ ነበር፣ በኋላ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲከብዳቸው መጥቶ ያዘ። 

መኪናዋ ደግሞ! የፍየሉ ሽታ ወተት ያበላሻል ብለው ሁለት ቀን በሳሙና ፈትገዋታል። እሱ አልበቃቸው ብሎ ልክ የወተት ዕቃቸውን እንደሚያጥኑት በወይራ ጭስ አጠኗት። በሮቿን ዘግተው፣ ወለሉ ላይ ቆርቆሮ አንጥፈው፣ ፍም አስቀምጠው! ስደርስ በመስኮቶቿ ጭስ ይወጣል። «ተቃጠለች!» ብዬ ሮጥኩ። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ሐጂ ይኼንን ቢያይ ልቡ ቀጥ ይል ነበር።

ጭሱ ሲወጣ ለሙከራ እንድንሻገር ተባለ። ሎኮ መሪውን ያዘች። እኔ ሳልጠየቅ ከኋላ ዘልዬ ገባሁ፤ መጀመሪያ ሲሻገሩ መኖር አለብኝ፣ የእኔ ጉዳይ ነው ብዬ። ጋሽ ወርቁ ሉጋው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ አሁን ክፍት ናቸው፣ ሆዷን ያያል። መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «ፖሌ ፖሌ» ይላል። ፖሌ አንዴ ሲባል አይዞሽ ነው፣ ሁለቴ ሲባል ቀስ በሉ። ወረድን። አሸዋው ላይ ትንሽ ዋለለች። ምላሱ ላይ አፍንጫዋን አነሳች፣ ድንጋዩ ከሥራችን ተንኮሻኮሸ፣ እጄ የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዟል... ወጣች! ምንም ሳትነካ ወጣች። ጋሽ ወርቁ ከታች አንድ ስንዝሩን ዘርግቶ ለሴቶቹ አሳየ፤ ከስንዝሩ ላይ የአንዲት ጣት ትርፍ።

ማዶ ላይ ቆመን ጄሪካኖቹን ከኋላ ደረደሩ። የዚያን ቀን ወተት ነው፣ ሞያሌ የሚጠበቅ። ማማ ቱሜ ከፊት ገባች። አንዲት ሌላ ሴት ከጎኔ ገባች። ከዚያ ዳርሚ በሁለት ክራንች፣ በባሏ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች ዳገቱን ወጣች። ጀሶው ከተፈታ ሳምንት አልሞላውም። ያን ቀን የእሷ ተራ ነው፤ ተራዋን ለማንም አልሰጥም ብላለች። እኔ ያለሁበትን በር ስባ ከፈተችው።

አየችኝ። ወንበሩን አየች። ያቺው ፈገግታዋ።

«ውረጂ፣ ውረጂ» አለችኝ። «ሰው ነው በሷ የሚጫነው።»

መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ማማ ቱሜ ሳትቀር። እኔ ወረድኩ። ክራንቿን ያዝኩላት፣ እግሯን አስገባሁላት፣ ጄሪካኗን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት፣ ደህናው ጭኗ ላይ። በሩን ዘጋሁ። አራት መቀመጫ፣ አራት ሰው። ጋሽ ወርቁ ፒካፑን እስኪያመጣ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ከኋላቸው በአቧራው ውስጥ በእግሬ ሄድኩ።